ሁለተኛው አልበም፦ ጫጫታው ሳይጠፋ ዜማው እንዲወጣ

ኖይዝ ፖፕ (የጊታር ጫጫታን ከፖፕ ዜማ የሚያዋህድ ሙዚቃ) የሚጫወት ባንድ የመጀመሪያ አልበሙን የሚቀዳው ብዙ ጊዜ በጥቂት ቀን፣ አምፑን (የጊታር ድምፅ ማጉያውን) ሁሉ እስከ ጥግ ከፍቶ ነው። ፉዙ (የጊታሩን ድምፅ የሚሰባብረው ፔዳል) ድራሙን ይውጠዋል፣ ፊድባኩ (ጊታሩ የራሱን ድምፅ ከአምፑ መልሶ ሲይዝ የሚወጣው ጩኸት) ድምፃዊውን ይሸፍነዋል፤ ይህም የአዘፋፈኑ ወዝ ተደርጎ ይወሰዳል። ሁለተኛው ላይ ግን ባንዱ ዜማ መሥራት ለምዷል፣ አድማጩም ግጥሙን መስማት ይፈልጋል። እዚህ ላይ የሚሠራው ትልቁ ስህተት «እናጥራው» ብሎ ጫጫታውን ጠርጎ ማውጣት ነው። ያኔ የሚቀረው ማንም ሊጫወተው የሚችል ለስላሳ ፖፕ ነው። ጫጫታው ይኑር፤ ግን እንደ ቤዙና እንደ ድራሙ የሚገባበትና የሚወጣበት ሰዓት ይኑረው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህን ለማድረግ ነው።

የስኮትላንዱ ዘ ጂሰስ ኤንድ ሜሪ ቼይን ጥሩ ማሳያ ነው። በፈረንጆች 1985 የወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው በፊድባክ የተሞላ ነበር። በ1987 በወጣው ሁለተኛው ላይ ፊድባኩን በእጅጉ ቀነሱት፣ በሰው ድራም ፈንታ ድራም ማሽን አስገቡ፣ ዜማው ፊት ወጣ። ልዩነቱን የፈጠረው ቅንብሩ ነው፤ ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ማይክ ከመተከሉ በፊት ነው።

ዘፈኖቹን መምረጥ

18 ወይም 20 ዘፈን ይዛችሁ ተቀመጡ። እያንዳንዱን ያለ ፔዳል፣ በአንድ ጊታር ወይም በክራር ብቻ፣ በስልክ ቅዱት። አዝማቹ በዚህ መልኩ ካልቆመ ፉዝ አያቆመውም። ከሁለት ቀን በኋላ ሳትሰሙት ማንጎራጎር የቻላችሁትን አስቀሩ፣ ሌላውን ተዉ። የመጨረሻው ቁጥር 10 ወይም 11 ይሁን፣ ርዝመቱም በጠቅላላ ከ34 እስከ 40 ደቂቃ። በሸክላ ለማሳተም ካሰባችሁ በአንድ ገጽ ከ20 ደቂቃ ባያልፍ ይሻላል፤ ሲያልፍ መስመሮቹ ስለሚጠጋጉ የድምፁ ኃይል ይቀንሳል።

ቀጥሎ ቅኝት ነው። ፉዝ ሁለት ኖታ አብሮ ሲያገኝ የሁለቱን ድምርና ልዩነት የሆኑ አዳዲስ ድምፆች ይፈጥራል፤ ስለዚህ ሁሉም ቅኝት ፉዝን እኩል አይችለውም። የትዝታ ሜጀር (ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ) ግማሽ ድምፅ የሚባል ርቀት ስለሌለው ክሮቹ አብረው ቢጮሁም አይጣሉም። አንቺ ሆዬ (ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ) ግን ሌላ ነው። የመሃሉ ሲ 261.6 ኸርዝ ነው፣ ዲ ፍላት 277.2፤ ሁለቱ አብረው ሲመቱ በሰከንድ ወደ 16 ጊዜ የሚርገበገብ ጉርምርምታ ይወጣል። ለመግቢያና ለመሸጋገሪያ ይህ ድምፅ ወርቅ ነው። ድምፃዊው ሲዘፍን ግን ገዳይ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በአንቺ ሆዬና በአምባሰል ዘፈኖች ላይ ፉዝ የገባበት ጊታር ሲን ከነኦክታቩ (ከላይ ካለው ሲ ጋር) ብቻ ይያዝ፤ የቅኝቱን ቀለም የሚሰጡትን ኖታዎች ንጹሕ ጊታር ወይም ኪቦርድ ይውሰዳቸው። ድምፃዊው በእነዚህ ቅኝቶች ሲዘፍን ድምፁ ከኪቦርዱ ልክ በጥቂቱ ሊርቅ ይችላል። አስተካካይ ሶፍትዌር ተጠቅማችሁ አትጎትቱት፤ የዜማው ጣዕም ያለው እዚያ ነው።

በአማርኛ ለሚዘፍን ባንድ ግን ዋናው ፈተና ግጥሙ ላይ ነው፤ በዚህ መመሪያ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ትወስዱ እንደሆነ ይህን ውሰዱ። ፊደላችን ጥብቀትን አይጽፍም፣ ጆሮ ግን ይሰማዋል። «ገና» ሲላላ ያልደረሰ ጊዜ ነው፣ ሲጠብቅ በዓል ነው። «ሰፊ» ሲላላ ልብስ የሚሰፋ ሰው ነው፣ ሲጠብቅ የጠባብ ተቃራኒ ነው። በፀጥታ ዘፈን ውስጥ አድማጭ ከዐረፍተ ነገሩ ገምቶ ያልፋል። በፉዝ ሥር ግን ግማሹ ቃል ስለሚሸፈን የሚገምትበት ነገር አያገኝም፣ ያልሆነ ቃል ይሰማል። ስለዚህ ግጥሙን አትማችሁ በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ሁለት ነጥብ አኑሩ፤ ከዚያ ዜማው በዚያ ፊደል ላይ ለጥቂት እንዲረግጥ አድርጉ። ላላ ያለው ፊደል ላይ ደግሞ ዜማው ሳይረግጥ ይለፍ።

ረጅም ኖታን በሳድስ ላይ አታሳርፉ። «ልብ» ብሎ አራት ምት መያዝ አይቻልም፣ አፍ ይዘጋል። «ልቤ» ሲሆን ግን ኃምሱ ይከፍተዋል። ሁሉን የሚያሸንፉት ራብዕና ሳብዕ ናቸው፤ አፍ ሰፍቶ ወይም ክብ ሆኖ ስለሚከፈት ከጊታሩ በላይ ይወጣሉ። «ናፍቆት» የሚል አዝማች ካላችሁ ቆ ላይ ቆዩና «ት»ን መጨረሻ ላይ ዝጉ። የአዝማቹን ረጅም ኖታዎች ዘርዝራችሁ ስንቱ ሳድስ ላይ እንዳረፈ ቁጠሩ፤ ከሦስት በላይ ከሆነ ግጥሙ እንደገና ይሠራ።

ቤቱ

በሱሉልታ፣ በቡራዩ፣ በሰበታ ወይም በለገጣፎ በኩል ግቢ ያለው ቤት የሚያገኝ ባንድ ዕድለኛ ነው፤ ከከተማው መሃል ይልቅ ቦታም ፀጥታም አለ። አብዛኛው ቀረፃ የሚካሄደው ሰርቪስ ቤት ውስጥ ነው፦ የብሎኬት ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ምናልባት ኮርኒስ የሌለው። የኮንዶሚኒየም ክፍል ለድምፃዊውና ለሚክሲንግ (የተቀዱትን ድምፆች አመጣጥኖ ለማዋሃድ) ይሆናል፣ ለድራም ግን አይሆንም።

መጀመሪያ ክፍሉን ለኩ። 4 በ4 የሆነ ክፍል መጥፎ ነው። ድምፅ በሰከንድ ወደ 340 ሜትር ስለሚጓዝ የ4 ሜትር ርቀት 43 ኸርዝ ገደማን ያጎላል፤ ርዝመቱና ስፋቱ እኩል ሲሆኑ ይህ ይደራረባል። ያ ድምፅ የሚያርፈው በቤዝ ጊታር ዝቅተኛ ኢ እና ኤፍ መካከል ስለሆነ ሁለቱ ኖታዎች ሲያብጡ ሌሎቹ ይከሳሉ። 3 በ4 ከሆነ ይሻላል፣ 3 በ5 ከሆነ ደግሞ የበለጠ።

ግድግዳው ላይ የእንቁላል መያዣ መለጠፍ ተዉት። የላይኛውን ጩኸት በጥቂቱ ያደበዝዛል እንጂ ጎረቤት ከመስማት አያግድም፣ እሳትም ቶሎ ይይዛል። በምትኩ ከጣውላ 60 በ120 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ 10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ፍሬም ሥሩ። ውስጡን በሳልባጅ ልብስ ወይም በአሮጌ ብርድ ልብስ ሙሉት፤ ይጠጋጋ፣ ግን አይጨቆን። ፊቱን በአቡጀዲ ወይም በጆንያ ሸፍኑት። ላስቲክ አታልብሱት፣ ከፍተኛውን ድምፅ መልሶ ይወረውራል። ለ3 በ4 ክፍል 6 ይበቃል፤ ከግድግዳው 10 ሴንቲ ሜትር አርቃችሁ ስቀሏቸው። ያ ክፍተት ካለ ሥራቸው ከ400 ኸርዝ ገደማ ጀምሮ ይሰማል፤ ግድግዳው ላይ ከተለጠፉ ግን መካከለኛው ድምፅ ያልፋቸዋል። ሁለት ተጨማሪ ሠርታችሁ ከድራሙ በላይ አንጠልጥሉ።

ቆርቆሮው ይንጫረራል፤ ይህን አስቀድማችሁ ፈልጉ። ከኮምፒዩተር ከ40 እስከ 200 ኸርዝ ቀስ እያለ የሚወጣ ነጠላ ድምፅ በትልቅ ስፒከር አጫውቱ፣ አንድ ሰው መሰላል ላይ ወጥቶ ጣሪያውን በመዳፉ ይዳስስ። አንድ ቦታ ላይ «ዝዝዝ» የሚል ይመጣል፤ እጅ ሲያርፍበት ፀጥ ካለ የላላው ምስማር እዚያ ነው። የጎማ ቁራጭ አስገብታችሁ ምቱት። የመስኮት መስታወት፣ የበር መቀርቀሪያና የአምፖል ሽፋንም እንደዚሁ ይፈተሹ። ይህን የአንድ ሰዓት ሥራ የዘለለ ባንድ በየዘፈኑ ላይ ቤዙ አንድ ኖታ ሲመታ የቆርቆሮ ድምፅ ያገኛል፤ በሚክሲንግም አይወጣም።

ክረምት አይቀረፅም። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ዝናቡ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የድራም ማይክ ሁሉ ይይዘዋል። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ደረቅ ወቅት ይመረጣል፤ በዚያ ጊዜ ግን የቀኑ ሙቀትና የሌሊቱ ብርድ ስለሚራራቁ የጊታሩ ክር ይንሸራተታል፣ ከየቀረፃው በፊት ይቃኝ። ሰዓቱንም እንደ ሰፈሩ ያዙ። ብየዳ ቤትና ወፍጮ ቤት ቀን ይሠራሉ፤ ድራምና አምፕ ከነሱ ጋር ቀን ይቀዱ። የድምፃዊው ድምፅና ንጹሕ ጊታር ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ይሁን። የቅዳሴና የአዛን ሰዓት ታውቆ ያን ጊዜ ዕረፍት ይደረግ። ጎረቤት ለቅሶ ከተቀመጠ አምፕ አይከፈትም፤ ስለዚህ ዕቅዱ ላይ ቢያንስ ሦስት ቀን መጠባበቂያ ይኑር።

መብራት

መስመራችን 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ጊታሩ «ሁም» ካለ ድምፁ 50 ወይም 100 ኸርዝ ላይ ነው፤ ፉዝ ደግሞ በጣም ያጎላዋል። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ኤርዝ የሌለው ሶኬት ወይም ዕቃዎቹ ከተለያየ ሶኬት መሰካታቸው ነው። አምፑንም ኢንተርፌሱንም (ማይክና ጊታርን ወደ ኮምፒዩተር የሚያስገባውን ዕቃ) ኮምፒዩተሩንም ከአንድ ማከፋፈያ ስኩ፤ ቆጣሪው አጠገብ ኤርዝ ያለ መሆኑን ኤሌክትሪሻን ይፈትሽ። ሁሙን ለማጥፋት ብሎ የሶኬቱን የኤርዝ ሽቦ መቁረጥ በፍጹም አይደረግም፤ ጊታር ይዞ ማይክ ላይ ከንፈሩን ያስጠጋ ሰው በዚህ ሊሞት ይችላል።

ሌላው የማይታሰብ ነገር የእንጀራ ምጣድ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፤ በአንድ መስመር ላይ ሲጣድ ቮልቴጁ ይወርዳል። የትዩብ አምፕ ቮልቴጅ ሲወርድ ድምፁ ይለሰልሳል፣ ቶሎም ይሰበራል። ጠዋት የተቀዳው ጊታርና ማታ የተደገመው የማይመሳሰሉት ለዚህ ነው። የአንድ ዘፈን ጊታሮች በአንድ ቁጭታ ይለቁ፤ ግቢው ውስጥ እንጀራ የሚጋገርበትን ቀንም ጠይቁ። ስታቢላይዘር ካለ አምፑ በእሱ ላይ ይሁን።

ለመብራት መጥፋት የተሻለው መላ ላፕቶፕና ከላፕቶፑ በዩኤስቢ የሚሠራ ኢንተርፌስ ነው። መብራቱ ሲሄድ የተቀዳው አይጠፋም፣ ድምፅ መቅዳትም ይቀጥላል። ጀነሬተር ካለ ከ15 ሜትር በላይ ርቆ፣ ከግድግዳ ጀርባ ይቀመጥ። ርካሽ ኢንቨርተር ግን ለጊታር አይሆንም፤ ሞገዱ ንጹሕ ስላልሆነ ጊታሩ ውስጥ እንደ ንብ ይጮሃል።

ቀረፃ

ሁሉም በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት ይቀዳ። ደረጃው በአማካይ −18 ዲቢ (ዴሲቤል፤ 0 ጣሪያው ነው) አካባቢ ይዋል፣ ከፍተኛው ከ−8 አይለፍ። በ24 ቢት ሲቀዳ ድምፁ ዝቅ ቢል ጉዳት የለውም፤ ከ0 ካለፈ ግን አይመለስም።

ድራም በአራት ማይክ ይበቃል፦ አንዱ ለኪክ (በእግር ለሚመታው ትልቁ ድራም)፣ አንዱ ለስኔር (ሹል ድምፅ ላለው የመሃሉ ድራም)፣ ሁለቱ ከላይ። የላዮቹ ከስኔሩ መሃል እኩል መራቅ አለባቸው። ሲባጎ ስኔሩ ላይ ያዙና 1 ሜትር ገደማ ላይ ለሁለቱም ማይክ ለኩ። 34 ሴንቲ ሜትር ልዩነት አንድ ሚሊ ሰከንድ መዘግየት ነው፤ ይህ ብቻ ስኔሩን ከፍሬው ባዶ ያደርገዋል። ሁለት መግቢያ ብቻ ያለው ኢንተርፌስ ካላችሁ ድራም ማሽን ተጠቀሙ፣ ሲምባሉን ብቻ በሰው አስመቱ። ለዚህ ዓይነት አልበም ይህ ማነስ አይደለም።

ጊታር ላይ ልማድ መቀየር አለበት። የመጀመሪያው አልበም ስድስት ጊታር ደርቦ ከሆነ እዚህ ላይ ሦስት ይበቃል፦ ሁለት ጊዜ የተመታ አንድ ሪትም፣ አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ፣ ሦስተኛው ጫጫታ። ሪትሙ ሁለት ጊዜ ስለሚመታ የፉዙን ጌይን (የመሰባበሩን መጠን) መድረክ ላይ ከምትጠቀሙበት ወደ ግማሽ አውርዱት። ሁለት የተሰበረ ድምፅ ሲደረብ የእያንዳንዱ ምት መነሻ ይጠፋና ግድግዳ ይሆናል፤ ጌይኑ ሲወርድ ግን የጣት ምቱ ይሰማል፣ ትልቅነቱም ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ማይኩን ስትተክሉ አትገምቱ። የአምፑን ጨርቅ በስልክ ባትሪ አብሩበትና የስፒከሩን መሃል፣ ያን ክብ ቆብ፣ ፈልጉ። ኤስ ኤም 57 ወይም ተመሳሳይ ማይክ ከጨርቁ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ርቆ፣ ቆቡ ከወረቀቱ የሚገናኝበት መስመር ላይ ይሁን። ወደ መሃል ከሄደ ይስላል፣ ወደ ጠርዝ ከሄደ ይጨልማል። 2 ሴንቲ ሜትር መንቀሳቀስ በኢኪው (ወፍራምና ቀጭን ድምፁን በሚያመጣጥነው መሣሪያ) ከምታደርጉት የበለጠ ይለውጣል። የወደዳችሁት ቦታ ላይ ስኮች ለጥፋችሁ ምልክት አድርጉ። በተጨማሪ የጊታሩን ንጹሕ ድምፅ በዲአይ ቦክስ (ጊታሩን ያለ አምፕ በቀጥታ ወደ ኢንተርፌስ በሚያስገባ ሳጥን) ለብቻው ቅዱ፤ በኋላ ፉዙ ከበዛ በሪአምፕ ቦክስ (የተቀዳውን ለአምፕ እንዲስማማ በሚያደርግ ሳጥን) በኩል እንደገና ወደ አምፕ ይላካል። ያለ ሪአምፕ ቦክስ በቀጥታ ከኢንተርፌስ ወደ ፉዝ ፔዳል ከተላከ ድምፁ ሹል ይሆናል።

ፊድባክ ከዘፈኑ ጋር አብሮ አይቀዳ። ለብቻው፣ እንደ አንድ መሣሪያ ይቀዳ። ከአምፑ ከ1 እስከ 1.5 ሜትር ቁሙ፣ የማያስፈልጉትን ክሮች በካልሲ እሰሩ፣ የዘፈኑን መነሻ ኖታ የያዘውን ክር ብቻ ልቀቁ። ሲያጮህ ግማሽ እርምጃ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ስትሉ ወደ ኦክታቩ ወይም ወደ አምስተኛው ኖታ ይዘላል። እያንዳንዱን 30 ሰከንድ ቅዱ፣ በኖታው ስም አስቀምጡ። ከዚያ ዜማው ትንፋሽ የሚወስድበት ቦታ ላይ ብቻ አስገቡት። በቅኝቱ የገባ ፊድባክ የአዝማቹ መልስ ይመስላል፤ ከቅኝቱ የወጣ ደግሞ ድምፃዊውን ያሳስታል። ይህ ሲሠራ ጆሮ ይጠበቅ፦ 100 ዴሲቤል ላይ ጆሮ ያለ ጉዳት የሚችለው ወደ 15 ደቂቃ ብቻ ነው። የጆሮ መሰኪያ ይደረግ።

ድምፃዊው ከማይኩ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይቁም። የሽቦ መስቀያ ክብ አድርጋችሁ የሴት ስቶኪንግ ከወጠራችሁበት የፐ እና የበ ትንፋሽን ያስቀራል። ሁለት ወፍራም ጋቢ ከድምፃዊው ጀርባ ይሰቀል። ብዙዎች ከማይኩ ጀርባ ይሰቅሉታል፤ ማይኩ የሚያየው ግን የዘፋኙን ጀርባ ነው፣ ከግድግዳው የሚመለሰውም ከዚያ ነው። አራት ወይም አምስት ጊዜ ሙሉ ይዘፈን፣ ከየዙሩ ጥሩው ሐረግ ይመረጥ። አዝማቹ እንደገና ይደረብ።

ሚክሲንግ

ከድምፃዊው ድምፅ ጀምሩ። መደበኛው ልማድ ከድራም መጀመር ነው፣ ያ ግን ለመጀመሪያው አልበም የሚሆን ነው፤ ድምፃዊው መጨረሻ ሲመጣ ቦታ አያገኝም። ድምፅ፣ ቤዝና ኪክ ቀድመው ይስማሙ፣ ከዚያ ሪትም ጊታር፣ ጫጫታው መጨረሻ።

ድምፁን ከ90 ኸርዝ በታች ቁረጡ። ኮምፕሬሰሩ (ከፍ ያለውን ድምፅ የሚቀንሰው) 3 ለ1 ይሁን፣ አታኩ (ሥራ እስኪጀምር የሚወስደው ጊዜ) ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሰከንድ፣ ቅነሳው ከ3 እስከ 4 ዲቢ። አታኩ ላይ አትቸኩሉ፦ ጠ፣ ጨ፣ ቀ እና ጸ ሲነገሩ የሚፈነዳው ድምፅ አጭርና ስለታም ነው። በ1 ሚሊ ሰከንድ አታክ ይህ ፍንዳታ ይዳጣል፣ «ጠራ» ወደ «ተራ» ይጠጋል። ለውጭ ዘፈን የተዘጋጀ ፕሪሴት አማርኛን ከሚያበላሽበት ቦታ አንዱ ይህ ነው። የተደረበው አዝማች ከዋናው ከ8 እስከ 10 ዲቢ ዝቅ ይበል።

የጫጫታው ትራክ ከ300 ኸርዝ በታችና ከ7 ኪሎኸርዝ በላይ ይቆረጥ። የቃል ግልጽነት ያለው ከ2 እስከ 4 ኪሎኸርዝ ውስጥ ነው፣ ፉዝም በብዛት የሚኖረው እዚያው ነው። በዚህ ክልል ውስጥ ብቻ የሚሠራ ኮምፕሬሰር ጫጫታው ላይ አድርጉና በድምፃዊው ድምፅ እንዲነዳ አድርጉት፦ 2 ለ1፣ አታክ 10፣ ሪሊዝ (ለመልቀቅ የሚወስደው ጊዜ) 150 ሚሊ ሰከንድ፣ ቅነሳ ከ2 እስከ 3 ዲቢ። ዘፋኙ ሲዘፍን ጫጫታው ገለል ይላል፣ ሲያርፍ ይመለሳል። ቅነሳው ከ5 ካለፈ ጊታሩ ሲተነፍስ ይሰማል፣ ያስጠላል።

ሪቨርቡ (ማስተጋቢያው) ላይ 40 ሚሊ ሰከንድ ፕሪዲሌይ (ከመጀመሩ በፊት ያለ መዘግየት) ስጡ፤ ቃሉ ቀድሞ ያልፍና ጭራው ይከተላል። ዲሌዩን (ድምፁን አዘግይቶ የሚደግመውን) በፍጥነቱ አስሉ፦ 60,000 ለቢፒኤም (በደቂቃ ላለው የምት ብዛት) ሲካፈል የአንድ ምት ርዝመት ነው። በ120 ቢፒኤም 500 ሚሊ ሰከንድ፣ ግማሽ ምቱ 250።

ከዚያ ግጥሙን አይቶ የማያውቅ ሰው ጥሩ። ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ አንድ ጊዜ አሰሙትና የሰማውን ይጻፍ። የሳተበት ቃል ላይ የድምፃዊውን ድምፅ በ1 ወይም በ1.5 ዲቢ አንሱ። አሁንም ከሳተ ችግሩ ጥብቀቱ ወይም ሳድሱ ነው፣ ያ ሐረግ እንደገና ይዘፈን።

ማስተሪንግ

ትላልቆቹ ማሰራጫዎች ዘፈኖችን ወደ −14 ኤልዩኤፍኤስ (የጩኸት መጠን መለኪያ) ገደማ ያስተካክላሉ። ለዚህ ዓይነት ሙዚቃ ከ−11 እስከ −10 ጥሩ ነው፣ ትሩ ፒኩም (የሞገዱ እውነተኛ ከፍተኛ ጫፍ) −1። ወደ −7 ካስጮሃችሁት ማሰራጫው 7 ዲቢ ያወርደዋል፤ የሚቀራችሁ ጠፍጣፋነቱ ብቻ ነው፣ የጫጫታው መግባትና መውጣትም አይሰማም። ጫጫታ የበዛባቸውን ሁለት ዘፈኖች አታከታትሉ።

ከመላኩ በፊት በሞኖ (ግራና ቀኙ አንድ ላይ ተደርጎ)፣ በስልክ ስፒከርና በሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ይሰማ። ሞኖ ላይ ሪትም ጊታሩ እንዳይሳሳ አረጋግጡ። ታክሲ ውስጥ ሞተሩ ቤዙን ይውጠዋል፣ ረዳቱ ይጣራል፣ መስኮቱ ክፍት ነው። የሁለተኛው ስንኝ ቃላት እዚያ ከተሰሙ ፋይሉን በ24 ቢት ዌቭ አውጡ፣ እያንዳንዱን ትራክ ለየብቻ በሁለት ሃርድ ዲስክ ገልብጡ፣ ሁለቱን በተለያየ ቤት አስቀምጡ።